እህቴን ለመለሰችልን ሐኪም፤ ባሕር ዳርና አካባቢው ያላችሁ አንብቡልኝ

ይህን ለመጻፍ እህቴ ሥራ እስክትመለስ ጠብቄያለሁ። ተመልሳለች። ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ ላውጣው።

ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት የነርቭ ሐኪም አለች። ስሟን እንዳልጽፍ አጥብቃ ለምናኛለች። «የሠራሁት ሥራዬን ነው» ትላለች። እሺ፣ አልጽፍም። ግን ቤታችሁ ውስጥ በድንገት ጠባዩ የተለወጠ፣ የማያውቀውን የሚለፈልፍ፣ የሚጥለው ወጣት ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የት እንደምትገኝ እነግራችኋለሁ።

እህቴ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ዝምተኛና ቁጥብ ልጅ ናት። መጀመሪያ ራስ ምታትና ትኩሳት ነበር። ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ። «ጎረቤቶች ምግቤ ውስጥ መርዝ ይጨምራሉ» ማለት ጀመረች። ሌሊት ተነስታ ትጮኻለች። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ አለቃዋን ሰድባ ወጣች አሉን። እሷ! ድመት እንኳ ሂጂ የማትል ልጅ!

ከዚያ በኋላ ያየነውን መንገላታት ለጠላቴም አልመኝም። የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ገና ከመግባታችን «ፍቅረኛዋ ጥሏት ነው?» ተባልን። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ሌላ ቦታ የሚያረጋጋ ነው ብለው መርፌ ወጓት፤ ሰውነቷ ግትር ብሎ ቀረ። «እያስመሰለች ነው» ያለንም ባለሙያ አለ። እናቷ ፊት! በዚህ መሃል የሚጥል በሽታ ተጨመረ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ዛር ነው፣ መተት ነው ይላል። አንዱ የሚያውቀው አዋቂ አለ፤ አዋቂው ብር ይፈልጋል። እማዬ የአንገት ሐብሏን ሸጠች። አሁንም ሲታወሰኝ ደሜ ይፈላል።

ወደዚች ሐኪም የመራን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የባጃጅ ሹፌር ነው። የሱም ዘመድ እሷ ጋ ትታከማለች። እግዜር ይስጠው።

ስንገባ ወረቀታችንን አልጠየቀችም። ወንበሯን ስባ እህቴ ፊት ተቀመጠችና ዝም ብላ አየቻት። አፏን ነበር የምታየው። እህቴ ምንም ሳትበላ ታኝካለች፣ ከንፈሯንና ምላሷን ያለ ዕረፍት ታንቀሳቅሳለች። እኛ ለምደነዋል። ሌሎቹ ልብ አላሉትም። «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው? ከሁሉም በፊት ትኩሳት ነበራት?» አለችን። ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ከዚያ የሆድ አልትራሳውንድ አዘዘች። ጭንቅላቷን ለታመመች ልጅ ሆዷን? በልቤ «እሷም ያው ናት» ብዬ ነበር። እንቁላል ማፍሪያዋ ላይ እጢ ተገኘ።

ከጀርባዋ ፈሳሽ ይቀዳ ሲባል አጎቴ «ሽባ ልታደርጓት ነው!» ብሎ ተነሳ። አልተቆጣችውም። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች እንደሆነ በራሱ ጀርባ ላይ በጣቷ እየነካች አሳየችው። አጎቴ ዝም አለ። አጎቴን የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

የበሽታው ስም ረጅም ነው፤ ፀረ ኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር ኢንሴፋላይተስ። ጆሴፕ ዳልማው የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ምንነቱን የገለጹት በፈረንጆቹ 2007 ነው። ከዚያ በፊት ስንቷ ልጅ አበደች ተብላ ታስራ ይሆን?

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። እማዬ ከፎገራ ናት። «አንጎሏ ሞቷል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ አልሞተም። ተቆጥቶ ነው። እምቦጭ ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅ ልጄ! ዳርቻውን የጨረሰው!»

«እምቦጭ ጣናን ሲወርሰው ታንኳ የሚያርፍበት ያጣል። ሐይቁ ግን አልደረቀም። የልጅዎም እንዲሁ ነው።»

ቀጥላ ለኛ አስረዳችን። አንዱ የነርቭ ሴል የላከውን መልእክት ሌላው የሚቀበልበት ቦታ አለው፤ ሪሴፕተር የሚሉት እሱ ነው። ከበሽታ ሊጠብቀን የሚገባው አንቲቦዲ ተሳስቶ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ሴሉም መቀበያዎቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባቸዋል። መልእክት ይቋረጣል፤ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። እንዲህ ያለው እጢ አንዳንዴ የነርቭ ሕዋስ በውስጡ ስለሚይዝ፣ ሰውነት እሱን ሲዋጋ አንጎልንም ይነካል። ደስ የሚለው፣ አንቲቦዲው ሲቀንስ መቀበያዎቹ ተመልሰው ይወጣሉ። ሌላውን ብዙ ነገር አልገባኝም፤ አልዋሻችሁም።

እማዬ «ታዲያ ይነቀላላ!» አለች።

«ይነቀላል እማማ። ግን ጊዜ ይወስዳል።»

ጠበሉንስ? ብላ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች። «ጠበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ኪኒን በሰዓቱ የምታስውጥ ነርስ ሆናለች።

ናሙናው ወደ ውጭ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እጢው ወጣ፣ ብግነቱን የሚያበርደው ስቴሮይድ ተጀመረ። «ሁሉም ይድናል» ብላም አልሸነገለችንም። በፈረንጆቹ 2013 በወጣ 577 ሕሙማንን ባካተተ ጥናት፣ ሁለት ዓመት ከተከታተሏቸው ውስጥ 81 በመቶዎቹ በደህና ሁኔታ ላይ እንደነበሩ ነገረችን። የሞቱም እንዳሉ አልደበቀችም። በሽታው ሊመለስ ስለሚችልም ክትትል አለ። እውነቱን ስለነገረችን አመንናት።

ማገገሙ አዝጋሚ ነበር። ከረጅም ዝምታ በኋላ እህቴ መጀመሪያ ያለችው ጤነኛ ነገር «ስልኬን ማን ወሰደው?» ነው። ቤቱ በለቅሶና በሳቅ ተናወጠ። ያንን ሁሉ ጊዜ አታስታውሰውም። ያ መቀበያ ለትዝታም የሚያስፈልግ ነው አሉ። ባታስታውሰው ይሻላል።

ዶክተርዬ፣ ይህን ካነበብሽው ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። እማዬ ስምሽን ሳትጠራ ጸሎት አታደርስም።

የአእምሮ ሕመም ሁሉ ይሄ ነው እያልኩ አይደለም። የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድም ነውር የለውም። ግን ትኩሳት ቀድሞ በቀናት ውስጥ ሰው ከተለወጠ፣ በተለይ የሚጥል ነገር ከታከለበት፣ «ጭንቀት ነው» ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ ቤት አትግቡ። የነርቭ ሐኪም ይየው በሉ። እባካችሁ ይህን ለሌላው አጋሩ። እሷ ጋ የምትሄዱ ደግሞ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረና ምን ምን እንደተከተለ በተራ ጽፋችሁ ሂዱ፤ የሚጥለው ሲሆንም በስልክ ቅረጹት። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።