የገዳዩ ድምፅ ወይስ የሴቶቹ ቃል?

ስለ አሜሪካዊው ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ቴድ በንዲ ከተሠሩት ዘጋቢ ፊልሞች ሁለቱን አነጻጸርሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኔትፍሊክስ ሥራ የተገነባው በንዲ ሞት ተፈርዶበት ፍሎሪዳ ታስሮ ሳለ ለጋዜጠኞች በሰጠው ቃለ መጠይቅ ቅጂ ላይ ነው። ሰውየው «እኔ» ብሎ አይናዘዝም፤ እንደ ባለሙያ አስተያየቱን ሲጠየቅ ግን ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ «እሱ» እያለ ይተርካል። ሥነ ልቦና ለሚያጠና ሰው ይህች ተውላጠ ስም ብቻዋን ትልቅ ትምህርት ናት። የሚያሳዝነው፣ መድረኩ ለዚያ አንደበተ ርቱዕ ውሸታም መሰጠቱ ነው።

በ2020 የወጣው የአማዞን ሥራ የሚያናግረው የቀድሞ ፍቅረኛውን፣ ልጇንና ከጥቃቱ የተረፉትን ነው። ስለ ገዳዩ አእምሮ ያነሰ ይነግረናል። ነገር ግን ፍቅረኛው ጠርጥራው ለፖሊስ ከጠቆመች በኋላም ከእሱ ጋር መቀጠሏን ስትናገር ፊቷን ማየት ያማል። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ።