ሎሬል ፓርክ በ40 ዶላር፦ ለውርርድ ትንሽ ገንዘብ ይዞ ለሚሄድ ሰው

በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል የሚገኘው ሎሬል ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1911 የተከፈተ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ሲሆን፣ እኔም ከሲልቨር ስፕሪንግ እየተነሣሁ አልፎ አልፎ ቅዳሜ ከሰዓት የምሄድበት ቦታ ነው። ለአንድ ቀን የምመድበው 40 ዶላር ብቻ ስለሆነ፣ የምገመግመውም በዚያው መጠን ለሚጫወት ሰው ይመቻል ወይስ አይመችም በሚለው ነው።

አስቀድሞ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። ተወራራጁ የሚጫወተው ከሜዳው ባለቤት ጋር ሳይሆን ከሌሎች ተወራራጆች ጋር ነው፤ በአንድ ሩጫ ላይ የገባው ገንዘብ በጋራ ቋት ይጠራቀምና የአዘጋጆቹ ድርሻ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። ይህ ድርሻ በአሜሪካ ሜዳዎች አንደኛ የሚወጣውን ፈረስ ብቻ ለሚያስገምተው ቀላል ውርርድ ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የሁለትና የሦስት ፈረሶችን ቅደም ተከተል ለሚያስገምቱት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ገንዘብን በጥንቃቄ መያዝ ሰውን አትራፊ አያደርገውም፤ ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ሩጫ እንዲዘልቅለት ግን ያደርጋል። ይህን መቀበል ያልቻለ ሰው ባይሄድ እመርጣለሁ።

ሎሬል ለትንሽ ገንዘብ የሚመቸው በዝግታው ነው። በሩጫና በሩጫ መካከል ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚኖር፣ ፈረሶቹ ከመሮጣቸው በፊት ሲዞሩ ቆሞ ማየት፣ ላብ ያጠመቀውን ከተረጋጋው መለየት፣ ከዚያም ወደ አጥሩ ተጠግቶ የኮቴያቸውን ድምፅ መስማት ይቻላል። ዝቅተኛው ቀላል ውርርድም 2 ዶላር ነው። አንድ ቀን አጠገቤ የቆሙ አንድ አባት ሁልጊዜ ይህንኑ ሲቆርጡ አይቼ «ጋሼ፣ ለምን በሁለት ዶላር ብቻ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ገና ስምንት ሩጫ አለ እኮ» አሉኝ።

ስሌቱም ከእሳቸው ጋር ነው። ብዙ ሰው የተወራረደበት ፈረስ እንኳ የሚያሸንፈው ከሦስት ሩጫ በአንዱ ገደማ ነው። 40 ዶላሩን ለሁለት ከፍሎ በእንዲህ ያሉ ፈረሶች ላይ የሚያስይዝ ሰው ሁለቱንም የመበላት ዕድሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ በየሩጫው 5 ዶላር የሚያስይዝ ግን ስምንት ጊዜ የመሞከር ዕድል አለው። በተለይ መጠንቀቅ የሚገባው ርካሽ ከሚመስሉት ቲኬቶች ነው። አራት ፈረሶችን መርጦ ከመካከላቸው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በማናቸውም ቅደም ተከተል ለመያዝ የሚቆረጠው የትራይፌክታ ቲኬት 24 አማራጮችን ስለሚይዝ፣ ዋጋው በ50 ሳንቲም ሲታሰብ እንኳ 12 ዶላር ይሆናል። ይህም ከቀኑ ገንዘቤ ሩብ በላይ ነው።

ዝግታውን የሚያፈርሰው አዳራሹ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ነው። በስክሪኖቹ ላይ የሌሎች ሜዳዎች ሩጫ ተራ በተራ ስለሚታይ፣ በግማሽ ሰዓት አንዴ ይወራረድ የነበረ ሰው በእነሱም ላይ በየጥቂት ደቂቃው መወራረድ ይችላል። እኔ ቲኬቴን ቆርጬ ወዲያው ወደ ውጭ እወጣለሁ። ቲኬት የሚቆርጠው ማሽን ቀሪ ሒሳብን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቫውቸር ስለሚመልስ፣ ወረቀቱን መልሶ ማስገባት በጣም ቀላል ነው፤ በመስኮት ለሠራተኛ ከፍሎ መልሱን በጥሬ ገንዘብ መቀበል ይሻላል።

በስልክ የሚደረገውን ውርርድ ግን አልመክርም። አንድ ጊዜ በሞከርኩት አገልግሎት ገንዘብ ማስገባት የሰከንዶች ሥራ ሲሆን፣ የራሴን 25 ዶላር ለማውጣት አራት ቀን ጠብቄያለሁ፤ በሳምንት የማስገባውን መጠን የምገድብበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘትም አድክሞኛል።

ባለፈው ጊዜ ከስምንቱ ሩጫዎች ሁለቱን ስላልወደድኳቸው ዘለልኳቸው። በስድስቱ ላይ 5፣ 5 ዶላር አስይዤ አራቱ ተበሉ፤ አንዱ 16 ዶላር፣ ሌላው 10 ዶላር ከ50 ሳንቲም መለሰልኝ። ለውርርድ ከያዝኩት ገንዘብ ውስጥ 36 ዶላር ከ50 ሳንቲም ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለአራት ሰዓት ያህል ጥሩ ቆይታ የከፈልኩት 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ወር ያንኑ 36 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይዤ፣ ሳልጨምርበት፣ ተመልሼ እሄዳለሁ።