በሁለት ስኒ ሆድ ሀበሻ ቤት

ሐምሌ መጥቶ አዲስ አበባ በዝናብ ስትታጠብ፣ እኛ ሜሪላንድ ላይ በላብ እንታጠባለን። ባለፈው ቅዳሜ ሙቀቱ 97 ፋራናይት ደርሶ ነበር፤ በአገር ቤት ቆጠራ 36 ዲግሪ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣችው የአክስቴ ልጅ "ሰመር ሰመር ስትሉ ክረምት መስሎኝ ጃኬት ይዤ መጣሁ" ብላ አሳቀችን። እሷን ምሳ ለመጋበዝ እኔና እህቴ ከነባለቤቷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ሄድን። ስሙን አልጽፍም፤ የምወቅሰው ነገር አለኝ።

በመጀመሪያ ግን ስለ ራሴ ልናገር፤ ምክንያቱም እንደ ሌላው በላተኛ አይደለሁም። ታኅሣሥ ላይ ስሊቭ የሚባለውን የክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን ተሠርቻለሁ። ከጨጓራዬ 80 በመቶ ያህሉ ወጥቶ የቀረችኝ ሙዝ የመሰለች ቀጭን ቱቦ ናት። ሁለት የቡና ስኒ ያህል ከበላሁ በቃኝ። ስለዚህ ምግቡ ያንሳል ይበዛል የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

ስንገባ አስተናጋጇ "ውጪ ድንኳኑ ስር ነፋሻ ነው" አለችን። ነፋሱ ትኩስ ነበር። ውስጥ፣ ኤሲው ያለበት ተቀመጥን። ወዲያው በረዶ የሞላበት ውሃ መጣ። ሁሉም ሲጠጡ እኔ አየሁ። ከምግብ ጋር አልጠጣም፤ ከበላሁም በኋላ 30 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ታኅሣሥ ላይ ይሄ ምንም አልነበረም። በዚህ ሙቀት ግን ፈተና ነው፤ ጨጓራዬ ሙሉ ብርጭቆ በአንዴ አይቀበልማ። ከጠዋት ጀምሬ ፉት ፉት እያልኩ ነው ወደ ሁለት ሊትር የምጠጋው። አምቦ ውሃም ሆነ ቢራ አይሆነኝም፤ ጋዙ ይነፋኛል፣ አልኮሉ ደግሞ ድሮ ከማውቀው በጣም ፈጥኖ ራስ ላይ ይወጣል።

ጁሳቸው ያምራል። የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ በረጅም ብርጭቆ ሲያልፍ ዓይኔ ተከትሎት ሄደ። "ስኳር አለው?" አልኳት። "ትንሽ ሽሮፕ ብቻ" አለችኝ። ያቺን "ትንሽ" አውቃታለሁ። ግንቦት ላይ አንድ ምረቃ ቤት ቁራሽ ኬክ በልቼ ልቤ ሲመታ፣ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ ሆዴ ሲቆርጠኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ተኝቻለሁ። ባይፓስ የሚባለውን ሌላውን የክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን የተሠሩት ላይ ይብሳል ይባላል፤ እኔንም ግን አልማረኝም።

ለእነሱ ማኅበራዊ፣ ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ በትንሽ ሳህን ሽሮ፣ አይብ፣ በደንብ የበሰለ ክትፎና አንድ የዶሮ ወጥ እንቁላል አዘዝኩ። ልጅቷ ፊቷን ሳታጠቁር ጻፈች። ብዙ ቤት እንዲህ ሲባሉ "እሱ ለብቻው አይሸጥም" ይላሉና ይሄን በመልካም ያዝኩላቸው።

ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። በጣም ጥሩ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ያለ ችግር ይወርዳል፤ ከላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ግን በማንኪያ ገፋ ማድረግ ነበረብኝ። እንቁላሉ ቁሌቱ ዘልቆት ቡናማ ሆኗል። ቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ብሊ ተብያለሁ፤ ከአንድ እንቁላል የማገኘው 6 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እንቁላሉ፣ ከዚያ አይቡና ክትፎው፣ ቦታ ከተረፈ ሽሮው። እንጀራው በአውራ ጣቴ ልክ ብቻ። ቦርሳዬ ውስጥ የምትኖር የሕፃን ማንኪያ አለችኝ፣ በሷ ነው የምበላው። ክትፎውን እንዳልኩት አብስለውታል፤ ውስጡ ቀይ የለበትም። ጥሬውን ከልቤ እወደው ነበር። አሁን ግን የተፈጨ ሥጋ 160 ፋራናይት ካልደረሰ አልነካም፤ ተቅማጥና ትውከት ቢይዘኝ በዚህች ጨጓራ የወጣውን ውሃ መተካት አልችልም።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። የአክስቴ ልጅ አንድ ጉርሻ የእኔ ሙሉ ምሳ ነው። ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልላ "በሞቴ! አፈር ስሆን!" ስትል እንቢ ማለት አቃተኝና ጎረስኩ። ጥብሱ ደረቅ ነበር፤ ቀይ ሥጋ ብቻ፣ ቶሎ በእሳት የተመታ። እኔም ወሬ ይዞኝ በደንብ አላኘክሁም። ደረቴ ላይ ቆመ። ምራቄ ሞላ፣ ዓይኔ አነባ፣ ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። እዚያ ያየሁትን አልጽፍም፤ መታጠቢያ ቤታቸው ግን ንጹሕ ነው፣ እሱን እመሰክራለሁ።

ስመለስ የቤቱ ባለቤት ከኩሽና ወጥታ ሳህኔን እያየች ቆማለች። ግማሹ እንዳለ ነው።

"ምነው የኔ ልጅ፣ አልጣፈጠሽም?"

"ኧረ ጣፍጦኛል እትዬ። ጨጓራዬን ቆርጠውት ነው።"

"ውይ በሞትኩት! ማን?"

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ ምን ይበላል፣ ምን ይተዋል። ከዚያ ገብታ ሌላ ትንሽ ሳህን ይዛ መጣች፤ በቲማቲም ቀለል ብሎ የተሠራ አሳ ጉላሽ። ሜኑ ላይ የለም። ለስላሳ፣ ቅመሙ ልክ፣ ዘይቱ ትንሽ። ሦስት ማንኪያ ብቻ ነው የበላሁት፤ ከምሳው ሁሉ ግን የማስታውሰው እሱን ነው።

አሁን ወቀሳው። ቅዳሜ ውጪ ድንኳኑ ስር ቡፌ አላቸው። ስንገባም ስንወጣም አየሁት። ማሞቂያዎቹ ስር እሳት የለም። አይቡ፣ የድንች ሰላጣውና ጥሬው ክትፎ ክፍት ሳህን ላይ ናቸው፤ በረዶ የሚባል የለም። ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት ካለፈ እንዲህ ያለ ምግብ ውጪ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ስንቀመጥ ነግሬያት ነበር፤ አስተናጋጇ "ቶሎ ቶሎ ስለሚነሳ ችግር የለውም" አለችኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆይተን ስንወጣ ያው አይብ እዚያው ነበር፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ። ይሄ እንደ እኔ ኦፕራሲዮን ለተሠራ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለነፍሰ ጡርም፣ ለሕፃንም፣ ለማንም አደጋ ነው። ለእትዬ ስነግራት "ልክ ነሽ" ብላ አይቡን ራሷ አንስታ አስገባች። ክትፎውን ግን ትታው ገባች።

የተረፈኝን ቱ ጎ ወሰድኩ። መኪና ውስጥ በረዶ ያለበት ቦርሳ አለኝ፤ የእህቴ ባል "ዓሣ አስጋሪ መስለሻል" ይለኛል። ይበል። ያ ምሳ ሰኞ ድረስ አበላኝ፤ አንዱ ሳህን አራት ጊዜ ሆነኝ። ከዚህ አንጻር 24 ዶላር ውድ ነው አልልም። ሒሳቡን እህቴ ከፈለች። ጉርሻ መብላት ባልችልም ለልጅቷ ጉርሻ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ስንወጣ እትዬ በር ድረስ ሸኘችን። "ለፍልሰታ ነይ፣ ምስሩንም ሽሮውንም ዘይት ቀንሼ በትንሽ በትንሽ እሠራልሻለሁ" አለችኝ። ነሐሴ ሲገባ ማንኪያዬን ይዤ እሄዳለሁ። ለጊዜው ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። ቡፌው እንደዚያው ሙቀት ላይ ከጠበቀኝ ግን 2 አደርገዋለሁ፣ አሳ ጉላሹም አያድነውም።