ጉርዴን ለሰፉልኝ እትዬ፣ ከልብ አመሰግናለሁ

ልክክ የሚል ጉርድ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው አጥታችሁ የተቸገራችሁ ሴቶች፣ ይህቺን አንብቡልኝ።

የእኔ ወገብ 74፣ ዳሌዬ ደግሞ 102 ሳንቲ ሜትር ነው። ሱቅ የተሰቀለው ጉርድ በዳሌዬ ከሆነልኝ ወገቤ ላይ ይሰፋኛል፤ በወገቤ ከሆነልኝ ዳሌዬን አያልፍም። ባለፈው ዓመት አንድ ቦታ አሰፍቼ ነበር። ከኋላ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሰፊ ዳርት (ከወገብ ተነስቶ ወደ ታች እየሾለ የሚሰፋ እጥፋት) አስገቡበትና ጫፉ መቀመጫዬ ላይ እንደ ቀንድ ሾሎ ቀረ። ጨርቁ ውድ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልለበስኩትም።

ዘንድሮ ለእህቴ ምርቃት ከመርካቶ ጥቁር ጨርቅ ገዛሁ። ጓደኛዬ ናት ሽሮ ሜዳ አካባቢ ወዳሉት እትዬ የወሰደችኝ።

ሜትር ከማንሳታቸው በፊት ወገቤ ላይ ክር አሰሩ። «እስቲ ጎንበስ ቀና በይ ልጄ» አሉኝ። ክሩ ተንሸራቶ ያረፈበት ቦታ ነው ወገብሽ አሉ። ከዚያች ክር ተነስተው የዳሌዬ ሰፊው ቦታ ድረስ ቁልቁል ለኩ፤ 21 ሆነ። እስከ ዛሬ ማንም ቁልቁል ለክቶኝ አያውቅም! ሆዴንም ለብቻው ለኩ።

እትዬ የወገብና የዳሌዬን ልዩነት ሁሉ ዳርቱ ላይ አይጭኑትም። ከፊሉን የጎን ስፌቱ ላይ ይቀንሱታል። ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጠባብ ዳርት አደረጉልኝ፣ እያንዳንዱ 2 ሳንቲ ሜትር። «በአንድ ከጨረስኩት ጫፉ ይሾላል» ሲሉኝ የአምናው ጉርዴ ምን እንደነካው ያኔ ገባኝ። የኋላው ዳርት ርዝመት 13፣ የፊቱ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ሆድ ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ የፊቱ ማጠር አለበት።

በማሽን ከመስፋታቸው በፊት በስፒል ይዘው አስለበሱኝ። ቁሚ፣ ተቀመጪ፣ ተራመጂ አሉኝ። ቀኝ ዳሌዬ ከግራው ትንሽ ከፍ እንደሚል ያዩት እሳቸው ናቸው። እኔ 34 ዓመት ስኖር አላወቅሁም። በዚያ በኩል ያለውን ስፌት ዝም ብለው አስተካከሉልኝ፣ አንዲት ቃል ሳያሳቅቁኝ። ለዚህ በተለይ አመሰግናቸዋለሁ።

ዳርቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ማሽኑን ወደኋላ አይመልሱትም። ክሩን አስረዝመው ይተዉና በእጃቸው ይቋጥሩታል። ከዚያ የተጠቀለለ ፎጣ ላይ አድርገው በካውያ ይተኩሱታል። ጉርዱ ከውጭ ሲታይ ዳርት ያለበት አይመስልም።

እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። ምርቃቱ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ለብሼው ዋልኩ፤ አንዴም ወደ ታች ልጎትተው አላስፈለገኝም።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እነግራችኋለሁ። ብቻቸውን ነው የሚሰሩት፣ ስለዚህ ለበዓል ከሆነ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ጉርዱን የምታደርጉበትን ጫማም ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ እሱ የታችኛውን እጥፋት አይለኩም።