ትንሿ ሳጥን ወይስ ሙሉ ጓዝ? ደጅ ወጥቶ በውሃ ቀለም ለመሳል ምን ይገዛ?

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሊመጣ ሲል ደወለልኝ። «ምን ይዤልህ ልምጣ?» የውሃ ቀለም አልኩት። «የትኛውን?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ።

ቤቴ ውስጥ ሁለት ቦርሳ አለ። አንደኛው ውስጥ ያለው ኮት ኪስ የሚበቃው ትንሽ ሳጥን ነው። 12 ደረቅ ቀለም፣ እጀታው ውስጥ ውሃ የሚይዝ ብሩሽ፣ አንድ ደብተር። ሌላው ጓዝ ነው። ቲዩብ ቀለም፣ ፓሌት (ቀለም መቀላቀያ)፣ የብሩሽ ጥቅል፣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ፣ የጥጥ ወረቀት፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ታጣፊ ወንበር። አትክልትና ሕንፃ ደጅ ወጥቼ መሳል የጀመርኩ ሰሞን ሁለቱንም በየተራ ገዛኋቸው። አንዱንም በወጉ ሳላውቀው።

ስለዚህ ሁለት ቅዳሜ መደብኩ። ቦታው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ቦርሳው ግን የተለያየ። የሄድኩት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት። ሕንፃውም አትክልቱም ከአንድ ቦታ ሆኖ ይታያል። ከፊቱ ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። አናቱ ላይ በኋላ የተቀመጠ አንበሳ ቆሟል። ለጀማሪ ቀልድ አይደለም። ደረጃው ሲጠማዘዝ እርሳሱም አብሮ ይጠማዘዛል።

ደረቅ ቀለም ወይስ ቲዩብ?

የውሃ ቀለም ማለት የተፈጨ ቀለምና የግራር ሙጫ ነው። ሙጫው የሚለቀመው ከሱዳንም ከእኛም ቆላ ነው፤ ውጭ አገር ሄዶ፣ ቀለም ሆኖ፣ በውድ ዋጋ ተመልሶ ይመጣል። ደረቁም ቲዩቡም ውስጥ ያለው በመሠረቱ አንድ ነገር ነው። አንዱ እንደ ትንሽ ጡብ ደርቆ ይመጣል፤ ሌላው እንደ ጥርስ ሳሙና ይጨመቃል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ትንሿን ሳጥን ከፈትኩ። ቀለሞቹ ላይ ጠብታ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጌ በእርሳስ መንደፍ ጀመርኩ። ንድፉ ሲያልቅ ቀለሙ ለስልሶ ጠበቀኝ። ዝግጅቱ ከደቂቃ አላለፈም። ጉዳቱ የታየው ሰማዩ ላይ ነው። ሰፊ ቦታ በአንድ ትንፋሽ ለመቀባት ብዙ የተበጠበጠ ቀለም ያስፈልጋል። ከደረቅ ቀለም ያን ያህል ለማግኘት ብሩሹን ማሸት ነው፣ ማሸት ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቲዩብ። ሰማዩ በሦስት እንቅስቃሴ አለቀ፣ ደስ ይላል። ግን ፓሌቱ ላይ የጨመቅኩት ግማሹ ሳልነካው ደረቀ። የአንዱ ክዳን ተጣብቆ በጥርሴ ታገልኩት (አታድርጉት፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ነው)። ጓዙን ዘርግቼ እስክጨርስ ደግሞ ሩብ ሰዓት አለፈ። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ሰዓት ቀላል አይደለም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የሕንፃው ጥላ ረዥምና ቆንጆ ነው። ወደ 6 ሰዓት ሲጠጋ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፣ ጥላው ይጠፋል፣ ግድግዳው እንደ ካርቶን ዝርግ ይሆናል።

ለደጅ ሥራ እንግዲህ ደረቁን ግዙ። ቲዩቡ ግን አይጣልም። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው «ግማሽ ጡብ» የምትባለው ትንሿ የቀለም መያዣ የምትይዘው 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ የ15 ሚሊ ሊትር ቲዩብ ሰባት ጊዜ ያህል ይሞላታል። አንድ ቀለም ሲያልቅ የዚያን ብቻ ቲዩብ ገዝቶ፣ ባዶዋ ውስጥ ጨምቆ ማታ ማድረቅ ነው። ማር የተጨመረበት ቀለም ግን ለዚህ አይመችም። በደንብ ስለማይደርቅ ቦርሳ ውስጥ ይፈሳል።

የትኛው ሳጥን?

ለተማሪ ከሚሠሩት ውስጥ ሦስቱ በብዛት ይገኛሉ። የጃፓኑ ሳኩራ ኮይ ከነውሃ ብሩሹ ስለሚመጣ ሌላ ምንም አያስገዛም። ለእኔ ግን ቀለሙ ትንሽ ኖራ ኖራ ይላል፤ ሲደራረብ ይደበዝዛል። የዊንዘር ኤንድ ኒውተኑ ኮትማንና የሮያል ታለንሱ ቫን ጎግ ይበልጥ ብርሃን ያሳልፋሉ። ቅጠል በቅጠል ላይ ለመደረብ እነሱ ይሻላሉ። በሁለቱ መካከል ልዩነት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፤ የቀረበላችሁን ውሰዱ። ትንሽ ጨምሬ ልግዛ ለሚል የሴንት ፒተርስበርጉ ኋይት ናይትስ አለ። ጡቦቹ ሙሉ ናቸው፣ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ ጥራታቸውም የባለሙያ ነው።

ስም ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከቀለሙ ስም ቀጥሎ «ሂው» የሚል ካለ፣ በውዱ ፋንታ ሌላ ቀለም ተተክቶበታል ማለት ነው። ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም፤ ግን አውቃችሁ ግዙ። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና ቡኒ ደግሞ በባለሙያ ደረጃም ርካሽ ከሚባሉት ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ከጥሩው ግዟቸው። ሲቀላቀሉ የጥርብ ድንጋይ ግራጫ ይወጣቸዋል፤ የግድግዳው ጥላ ሁሉ ከነሱ ነው። አረንጓዴን በተመለከተ፣ ሳጥን ውስጥ ያለው ተዘጋጅቶ የመጣ አረንጓዴ የፕላስቲክ አበባ ይመስላል። ቢጫና አልትራማሪን ቀላቅላችሁ ከቡኒው ቆንጠር አድርጉበት። ያኔ ጽዱም ባሕር ዛፉም በየራሱ መልክ ይመጣል።

ወረቀት

ገንዘብ መውጣት ያለበት እዚህ ነው። እኔ ዋጋውን አይቼ ደንግጬ ሁለት ዓመት በርካሹ ሳልኩ። የማልችለው እኔ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ነው ለካ!

ርካሹ ከእንጨት የሚሠራው ነው። ውዱ መቶ በመቶ ጥጥ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ደብተሬ የእንጨቱ ነበር። የግድግዳውን ጥላ ቀባሁ። ውሃው ላይ ላዩን ዋለለ፣ ከዚያ ፀሐይዋ እፍ እንዳሉት አደረቀችው። ጠርዙ ላይ ደረቅ መስመር ቀረ። ሁለተኛ እጅ ስደርብበት የታችኛው ተነሥቶ መጣና ዛፎቹ ጭቃ ሆኑ። በሁለተኛው ቅዳሜ ያው ጥላ፣ ያው እጅ፣ ወረቀቱ ግን ጥጥ። ጥጥ ውሃውን ይጠጣል፣ ቶሎ አይለቅም። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የበጋው አየር ደግሞ ደረቅ ነው። እዚህ ሦስትና አራት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት ትልቅ ነገር ነው። ቅጠሉን ከጥላው ጋር የምታዋህዱት በነዚያ ደቂቃዎች ነው።

ለእንጨቱም ልፍረድለት። ስሕተት በእርጥብ ብሩሽ ጠርጎ ለማንሳት ከጥጥ ይሻላል። በእርሳስ ነድፎ ስስ ቀለም ለማልበስም ይበቃል። ካንሰን ኤክስኤል ለልምምድ ጥሩ ነው።

ጥጥ ሲባል የፈረንሳዩ አርሽና የጣሊያኑ ፋብሪያኖ አርቲስቲኮ ታዋቂ ናቸው። የቻይናው ባኦሆንግ በቅናሽ ይገኛል፣ እኔ አላፈርኩበትም። የትኛውም ይሁን፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚለውን ያዙ፤ ከዚያ የሳሳው እንደ ቆርቆሮ ይሞገዳል። ለስላሳው ለመስኮትና ለአምድ መስመር ይመቻል፣ ሻካራው ለቅጠል። ሁለቱንም ለሚስል መካከለኛው፣ ኮልድ ፕሬስ የሚባለው፣ ይሻላል። በጥራዝ ከመግዛት ደግሞ ትልቁን 56 በ76 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ገዝቶ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። 19 በ28 የሆኑ 8 ወረቀቶች ይወጡታል። በካርቶን ላይ በወረቀት ፕላስተር ለጥፎ መሳል ነው።

ብሩሽና የቀረው

የውሃ ብሩሽ ቆሞ ለመሳል ይመቻል፣ ታክሲ እስኪመጣ እንኳ። ሰፊ ግድግዳ ላይ ግን ያስለቅሳል። ከሱ ጋር ሁለት ሰው ሠራሽ ፀጉር ያላቸው ብሩሾች ጨምሩ፦ ቁጥር 8 ክብ፣ እና 2.5 ሴንቲ ሜትር ጠፍጣፋ ለጣሪያና ለግድግዳ። የእንስሳ ፀጉሩ ይቆይ።

ማቆሚያ አትግዙ። ነፋስ ይጥለዋል፣ ሰውም ይሰበስባል። አንድ ቦታ ላይ ማቆሚያዬን ስተክል ጥበቃው መጥቶ «ምን ልትቀይስ ነው?» አለኝ። በትንሿ ሳጥን ግን ማንም ልብ ብሎ አያየኝም። ወንበር ግዙ፣ ባርኔጣም አድርጉ፣ ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ። ፀሐይ የመታው ነጭ ወረቀት ዓይን ስለሚወጋ ቀለሙን ሳታውቁት ታጠቁሩታላችሁ።

ትምህርቱስ? ቪዲዮ ቀለም መቀላቀልን ያስተምራል፤ የሚንቀሳቀስ ጥላ ማሳደድን ግን አያስተምርም። ለጀማሪ ለአንድ ወር ክፍል ከመክፈል፣ ከሚስል ጓደኛ ጋር አራት ቅዳሜ መውጣት ይሻላል ባይ ነኝ። ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. በሲያትል የተጀመረው አርባን ስኬቸርስ በብዙ ከተሞች አብረው ደጅ ወጥተው የሚስሉ ቡድኖች አሉት።

ለአክስቴ ልጅ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት። አንድ ባለ 12 ሳጥን፣ አምስት ትልልቅ የጥጥ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ የአልትራማሪንና የበርንት ሲየና ቲዩብ። ሁሉንም ይዞ መጣ። ተመልሶ ሲሄድ ግን ነገሩ ተጋብቶበት ለራሱም ሳጥን ገዛ። ዋሽንግተን ብሔራዊው የዛፎች መናፈሻ ውስጥ፣ ከካፒቶል ሕንፃ ተነሥተው ሣር ላይ የቆሙ 22 አምዶች አሉ፣ መግቢያውም በነፃ ነው። የመጀመሪያ ሥዕሉን እነሱን ስሎ በቴሌግራም ላከልኝ። አምዶቹን ቆጠርኳቸው፣ 19 ናቸው። «ሦስቱስ?» ብለው «ወረቀቱ አለቀ» አለኝ።