የአሊዩ አምባ ጋቢ፦ ከሦስት ወር በኋላ

ጋቢውን የገዛሁት አሊዩ አምባ ከአንድ ሸማኔ ቤት ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ስትወርዱ ብርዱ ይቀራል፣ እኔ ሹራቤን መንገድ ላይ አወለቅኩ። አሊዩ አምባ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ድሮ ግን ከታጁራ ወደብና ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ ወደ ሸዋ የሚገባባት የገበያ ቦታ ነበረች፣ እንግሊዛዊው ሻለቃ ሃሪስም በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲሄድ አልፎባታል።

እዚያ የሚኖሩት አርጎባዎች በንግድና በሽመና የታወቁ ናቸው። ቋንቋቸው ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሸዋ በኩል አሁን በብዛት አማርኛ ነው የሚናገሩት፣ አርጎብኛውን ለመስማት ወሎ፣ ሾንኬ ድረስ መሄድ ነው።

ወደ ጋቢው ልመለስ። ሸማኔው እግራቸውን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያውን ሲያመላልሱ ቁጭ ብዬ አየሁ። «ማጉ የእጅ ፈትል ነው ጋሼ?» ስላቸው ክሩን ጎተት አድርገው አሳዩኝ፣ አንዱ ቦታ ወፈር ሌላው ቦታ ቀጠን ያለ። ድሩ ግን የፋብሪካ ክር ነው፣ አልደበቁኝም። አራት ድርብ ነው፣ ደብረ ብርሃን ሌሊት ለብሼው ተኝቻለሁ፣ ይሞቃል! ሁለቴ አጥቤዋለሁ፤ ሲታጠብ ይበልጥ ለሰለሰ።

ቅር ያለኝ የጫፉ ቋጭ ነው፣ በአንድ በኩል መፈታት ጀምሯል። ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ ተከራክሬም ብዙ አልቀነሱልኝም። ለእናቴ ሁለተኛ አዝዣለሁ፣ ጫፉን አጥብቀው እንዲቋጩት ነግሬያቸዋለሁ።