በርበሬ ለሚያሰጣ ሰው የቱ የአየር ትንበያ ይሻላል?

ባልትና ላይ ያለ ሰው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ የዛላ በርበሬ ዋጋና ደመና። ዋጋውን ማንም ቀድሞ አይነግረንም። ስለ ደመናው ግን ተናጋሪ ሞልቷል። የስልክ አፕ አለ፣ ሬዲዮ አለ፣ የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ አለ፣ ሰማይ አይተው የሚናገሩ የሰፈር ሽማግሌ አሉ። እኔ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ፣ ግቢዬ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሁሉንም እሰማለሁ። የቱ ለምን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

ከስልኩ ልጀምር፤ ሁሉም የሚያየው እሱን ነውና። ስልኬ ላይ አብሮ የመጣው አፕ ከሰኔ እስከ መስከረም አንድ ሥዕል ብቻ ነው የሚያውቀው። ደመና፣ ጠብታ፣ መብረቅ። ሰኞም መብረቅ፣ ማክሰኞም መብረቅ። እሱን ባምን ኖሮ ክረምቱን ሙሉ ሸራ አልዘረጋም ነበር። አንድ ቀን ነሐሴ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ዘጠና በመቶ ዝናብ አለ ይላል። የምታግዘኝ ልጅ “እትዬ፣ ላንሳው?” እያለች ሰማይ ሰማይ ታያለች። ዛላው ገና ለስልሶ እጅ ላይ ይለጠፋል። ቆይ አልኳት። ፀሐይዋ እስከ 11 ሰዓት ስታነድ ዋለች። ወደ ማታ አንዱን ዛላ አንስቼ ጆሮዬ ሥር ሳወዛውዘው ዘሩ ውስጡ ኮሽ ኮሽ አለ። ደርቋል ማለት ነው፤ ለወፍጮ አንድ ቀን ቢቀረው ነው። ዝናቡ የመጣው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ያውም ምን ዓይነት! ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መሰማማት አልተቻለም።

ይሄ የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ የጣና ሥራ ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ቀን ላይ ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ደመናው ተራራው ላይ ሄዶ ይከመራል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ደጋው ይዘንብበታል። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል። ምድሩ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ገብቶ ደመናውን ውሃው ላይ ይሰበስበዋል። ዶፉን ማታና ሌሊት የምናገኘው ለዚህ ነው። አፑ የሚጠቀምበት የትንበያ ስሌት ግን ዓለምን በካሬ በካሬ ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ መልስ ይሰጣል። ካሬው ብዙ ኪሎ ሜትር ሲሆን የሐይቁ ዳርና ዳገቱ አንድ ላይ ይቀላቀላሉ። ለሙቀት አይከፋም፤ ልጄ አዲስ አበባ ስትሄድ ጃኬት ልያዝ ወይ ብላ ታይበታለች። በሰዓት በሰዓት ለሚነግረን ዝናብ ግን ጆሮ አልሰጠውም።

ሬዲዮው ቶሎ ያልቃል። ከተሞቹ በተርታ ይጠራሉ፤ ባሕር ዳር ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀቷ ይነገርና በቃ። ለሰላምታ መክፈቻ ይሆናል።

ወደ ዋናው ልምጣ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በዓመት ሦስት ጊዜ የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ። የክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ይሸፍናል። በኔ ግምት ይሄ ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ግን ብዙ ሰው አነባበቡን አያውቅበትም። ትንበያው ይዘንባል አይዘንብም አይልም። ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ ለሦስቱም ዕድላቸውን በመቶኛ ያስቀምጣል። ለምሳሌ 45፣ 35፣ 20 ቢል፣ እርጥብ ክረምት የመሆኑ ዕድል ያመዝናል እንጂ ሃያውም አለ። ለማነጻጸሪያ የሚያዘው ደግሞ የ30 ዓመት አማካይ ነው።

እዚህ ላይ ባሕር ዳር ላለን ሰዎች አንድ ነገር አለ። ከተማችን በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በነዚሁ አራት ወራት የሚወርድ ነው። ሐምሌ ብቻውን 400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በግቢ ሲሰላ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 400 ሊትር፣ ሁለት በርሜል ውሃ መሆኑ ነው። እንግዲህ ትንበያው “ከመደበኛ በታች” ቢልም የእኛን በርበሬ ለማሻገት ይበቃል፣ ይተርፋልም። የወቅቱን ትንበያ የማየው ሐምሌ ላይ ላሰጣ አላሰጣ ብዬ አይደለም። ከመደበኛ በላይ የሚለው ካመዘነ፣ በግንቦት ፀሐይ አብዝቼ አደርቃለሁ፤ ዛላውንም ቶሎ እገዛለሁ። መደበኛ ከሆነ የእንቁጣጣሹን ግማሽ ለነሐሴ መጨረሻ ጠዋቶች አቆያለሁ።

ትንበያው ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ደስ ይለኛል። የሰላማዊ ውቅያኖስን ሙቀት ያዩና የዘንድሮውን የሚመስሉ ያለፉ ዓመታትን ይፈልጋሉ። ውቅያኖሱ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤል ኒኞ ሲሆን፣ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። ሲቀዘቅዝ፣ ላ ኒኛ ሲሆን፣ ይበረታል። እናቶቻችንም እኮ “ይሄ ክረምት የዚያን ዓመቱን ይመስላል” ሲሉ ነው የኖሩት። ልዩነቱ ኢንስቲትዩቱ መዝገብ መያዙ ነው።

መዝገቡን ማየት ደግሞ ለምን የአማራ ክልልን በአንድ ዓይን ማየት እንደማይገባ ያሳያል። በ2007 ክረምት ኤል ኒኞው በርትቶ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በክልላችን ጉዳቱ የከፋው በምሥራቁ በኩል፣ ዋግ ኽምራና ሰሜን ወሎ ነበር። በነሐሴ 1998 ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ የጣና ዳር ሜዳዎቹ ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ተጥለቀለቁ። ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ ስለ አማራ ክልል ክረምት የተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር ለባሕር ዳር፣ ለዋግ ኽምራዋ ሰቆጣና ለፎገራዋ ወረታ እኩል አይሠራም። የትንበያውን ካርታ ስታዩ ቀለሙ የወደቀው የት ላይ እንደሆነ እዩ።

ጎረቤቴ ያሉት ሽማግሌ በጀልባ ሥራ ያረጁ ናቸው። “ጋሼ፣ ዛሬ እንዴት ነው?” ስላቸው ወደ ሐይቁ ዞር ብለው ነፋሱን ያዩና “አስጪው፣ ዝናብ እስከ ማታ የለም” ይሉኛል። ለአንድ ቀን እሳቸውን የሚያህል የለም። ደጋግመው የሚያወሩት ግን ስለ 1995 ነው። ያን ጊዜ ጣና ወርዶ ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች መሥራት አቅቷቸው ነበር። የቀደመው ክረምት ዝናብ አንሶ ነበር፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ካለው ከጨረጨራ ግድብ ደግሞ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃ ይለቀቅ ነበር። ሐይቁ ከዝናቡ ዘግይቶ ነው የሚሞላው። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፣ ጣና ግን ጫፍ የሚደርሰው መስከረም አካባቢ ነው። ዳር ላይ የሚዘራና ጀልባ የሚያስር ሰው የክረምቱን ትንበያ ሲሰማ ይህችን መዘግየት ቢያስባት ይጠቅመዋል።

“ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት” የሚለውም ትንበያ ነውና ውጤት ይሰጠው ከተባለ፣ ለባሕር ዳር ይቸኩላል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሸራ ጠቅልዬ የሮጥኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ዘመነ ክረምትን እስከ መስከረም 25 ነው የምትቆጥረው። ሆያ ሆዬውን እወደዋለሁ፤ እሱን አምኜ ግን ሸራዬን አልዘረጋም።

ለእኔ አንደኛ የሚወጣው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ኢንስቲትዩቱ በየአሥር ቀኑ የሚያወጣው ትንበያ። ያለፈው አሥር ቀን ምን እንደዘነበ ያሳያል፣ መጪው አሥር ቀን ወዴት እንደሚያዘነብል ይናገራል። የሚጻፈው በዋናነት ለገበሬ ስለሆነ ስለ ማሳና ስለ አረም ያወራል፤ ለእኔ ሥራም ልክ መጠኑ ይሄ ነው። ዛላ ለመግዛት፣ ለማጠብና ለማስጣት አሥር ቀን ይበቃል። ጉድለቱ አጻጻፉ ነው፤ ደረቅ የቢሮ አማርኛ ነው፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ላይ አንድ ሰው በሰፈር ቋንቋ ቢያነበው የሽምብጥም የዘጌም ሰው ይሰማው ነበር። ዘጌ ላይ ቡና የሚያደርቁት እኮ ጭንቀታቸው ከእኔ አይለይም።

እንግዲህ ሥርዓቴ ይሄው ነው። ግንቦት ላይ የወቅቱን አያለሁ፣ በየአሥር ቀኑ አጭሩን አነባለሁ፣ ጠዋት ጋሼን እጠይቃለሁ፣ አፑን ለልጄ ጃኬት እተዋለሁ። የእንቁጣጣሽ በርበሬ የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ እስከ ፍልሰታ መግቢያ እዘዙ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ትእዛዝ በፀሐይ ፈቃድ ነው፣ ዋጋውም ይጨምራል።